ከትርፍራፊ ክር የታሰረ ቀለበት

ሹራብ ቤቱ ውስጥ ሁሉም "ደባቂት" ነው የሚሏት። ሌላው ማሽን ላይ ተቀምጦ እጅጌና ደረት ሲያወጣ፣ እሷ ከመስኮቱ ሥር ባለው ረጅም ጠረጴዛ ዳር ሆና፣ ያለቀውን ሹራብ እየገለበጠች ቀለም በተቀየረበት ሁሉ ተንጠልጥለው የቀሩትን የክር ጫፎች በወፍራም መርፌ ወደ ውስጥ ትመልሳለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ጫፍ በደንብ ሲደበቅ ማንም አያየውም፣ ስለዚህ ማንም አያመሰግናትም። ካልተደበቀ ግን ሹራቡ ሰው ትከሻ ላይ እያለ ይተረተርና ስድቡ ለሷ ይተርፋል። ለነገሩ ደባቂት ከክር ጫፍ በላይ የምትደብቀው ነበራት። እሱም ከላይ ፎቅ ነጭ ጋዋን ለብሶ የሰው ጥርስ ይነቅል ነበር።

የጥርስ ሐኪሙ የሹራብ ቤቱ ባለቤት የእትዬ አንድያ ልጅ ነው። ሠራተኞቹ ፊት ለፊት "ዶክተር" ይሉታል፣ ዞር ሲል ደግሞ "ነቃዩ"። ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ በእናቱ ሕንፃ፣ ከሹራብ ቤቱ አናት ላይ፣ ሁለት ክፍል ይዞ ክሊኒኩን ከፈተ። እትዬ በልጃቸው ይኮራሉ፤ ነገር ግን አባቱ ከሞተ ወዲህ ዝምተኛ ሆኖባቸው ሆዳቸው ይባባል። ሲመርራቸው ጊዜ "የሰው አፍ ሲያስከፍት ውሎ የራሱን ዘግቶ ይገባል" እያሉ ለሠራተኞቻቸው ያወሩ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በውሃ ነው። ታካሚ የሚጉመጠመጥበት ብርጭቆ አዲሱ ጠረጴዛ ላይ እርጥብ ክብ እየተወ ነቃዩን አስቸገረው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወርዶ እራፊ ጨርቅ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ሌሎቹ ምሳ ወጥተው ስለነበር ያገኘው ደባቂትን ብቻ ነው። እሷም ጨርቅ አልሰጠችውም። ከመሳቢያዋ ውስጥ መዳፍ የምታህል ክብ የብርጭቆ ማስቀመጫ አወጣችለት፤ መሃሏ ቢጫ፣ ዙሪያዋ የተማሪ ሹራብ አረንጓዴ፣ ጠርዟ ላይ ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ወይን ጠጅ። አንቺ ነሽ የሠራሽው ወይ ብሎ ሲጠይቃት ራሷን ብቻ ነቀነቀች። እሱም ማስቀመጫዋን እያገላበጠ ደረጃውን ወጣ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ግን ዞር ብሎ አያት።

መቼም ሹራብ ቤት ትርፍራፊ ክር አያጣም። ከየትእዛዙ የተረፈውን ሌላው ጠርጎ ሲጥለው ደባቂት በየቀለሙ ጠቅልላ ታስቀምጣለች። ምሳዋን እንደበላች ኪሮሿን ታወጣና በጥቂት ሰንሰለት ትጀምራለች፤ ከዚያ የሰንሰለቱን መነሻና መድረሻ አገናኝታ ቀለበት ታስራለች። ቀለበቱ ውስጥ እየገባች እየወጣች ዙር ትጨምራለች፣ ክሩ ባለቀበት ሌላ ቀለም ትቀጥላለች። ነቃዩ ምስጢሩ ምኑ ላይ ነው ብሎ ሲጠይቃት፣ ሁሉም ነገር ቀለበቱ ላይ ነው አለችው። ቀለበቱ ከላላ መሃሉ ቀዳዳ ይሆናል፣ ዙሩ ከጠበቀ ደግሞ እንደ ባርኔጣ ቆልመም ብሎ ይነሣል። "ቀለበቱን በደንብ ያሰረ ሰው፣ የቀረው ራሱ ይመጣለታል" አለችው። ሹራብ ቤቱ የማሽን ቤት ስለሆነ ኪሮሽ የሚይዝ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ይህንን ቋንቋ የሚያውቁት እንግዲህ ሁለቱ ብቻ ሆኑ።

በማግሥቱ ነቃዩ ተመልሶ ወረደ። ለሌላኛው ጠረጴዛ አንድ ያስፈልጋል አለ። ቀጥሎ ለተራ መጠበቂያው አለ። እያለ እያለ ማስቀመጫው ከብርጭቆው በለጠና ሰውየው ምክንያት እንዳያልቅበት ብርጭቆ ገዛ። ደባቂትም ብትሆን ከሱ አልተሻለችም። ለሱ የምትሠራው ላይ አንዲት ጫፍ ሆን ብላ ሳትደብቅ ትተዋለች። ክሯ ውላ አድራ ብቅ ትላለች፤ እሱም ጥፋቱ የራሱ መስሎት ይዞ ይወርዳል፤ እሷ በመርፌ ስትመልስ እሱ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ጣቶቿን ያያል። የሚያወሩት ስለ ዝናብ፣ ስለ መንጋጋ፣ ስለ ክር ቀለም ነበር። አንድ ቀን ሳታስበው "አንተ" አለችው። ክው ብላ ልታርም ስትል፣ "እባክሽ አትመልሺው" አላት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲኖር "እርስዎ"፣ ሰው ሲጠፋ "አንተ" ሆነ። ያቺ "አንተ" ከምሳ ሰዓት እስከ ማግሥቱ ምሳ ሰዓት ደረቷን ስታሞቃት ትውል ነበር።

ታዲያ ለምን አትናገሪም የሚላት ቢኖር መልሷ ዝግጁ ነው፤ ዝም አይነቅዝም። ምን ብላስ ትናገር? እሷ የእትዬ ሠራተኛ ናት። እትዬ ክፉ ሴት አይደሉም፣ ሠራተኛ ሲታመም ራሳቸው ሄደው ይጠይቃሉ፤ ነገር ግን ጓደኛ ለጓደኛ ልጅ ለልጅ የሚሰጣጡበት ሚዛን አላቸው። መንገድ ማዶ ያለችው የመድኃኒት ቤት ባለቤት፣ ፋርማሲስቷ፣ የጓደኛቸው ልጅ ናት። የተማረች ናት፣ ሳቂታ ናት፣ መኪናም ትነዳለች። "እሱ ይነቅላል፣ እሷ ማስታገሻውን ትሸጣለች፤ ከዚህ የበለጠ ጋብቻ ከየት ይመጣል" ይሉ ነበር እትዬ። ሹራብ ቤቱ በሙሉ ይስቃል፤ ደባቂትም አብራ ትስቃለች፣ ከዚያ ጣቷን በመርፌዋ ትወጋለች።

እናቷ በልጅነቷ ሞታ ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ሩቅ ከተማ፣ ትልቅ የሹራብ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ነይ፣ እኔ ዘንድ ሥራ አለ፣ ብቻዬን ነኝ እያለች ደጋግማ ደውላላታለች። ደባቂት አንዴ ብርዱን፣ አንዴ መንገዱን ምክንያት እያደረገች አስቀርታው ነበር። እህቷ ሞኝ አይደለችምና በመጨረሻ፣ እስከ እሑድ ካልመጣሽ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፣ ውሳኔውን ለአንቺ ትቼዋለሁ አለቻት። ደባቂት አሰላስላ አሰላስላ ልትቀር ወስና ነበር፣ እስከዚያ ረቡዕ ድረስ።

* * *

ሹራብ ላይ ቁልፍ የምትተክለውን ልጅ ሁሉም "ማማሰያ" ይላታል፤ ወሬ ሳታማስል አትውልም። ያን ረቡዕ ጠዋት ቁልፏን እንደያዘች እየሮጠች መጣችና ደባቂት ጎን ዘፍ አለች።

"ጉድ ልንገርሽ። ነቃዩ ቀለበት አሰረ።"

"ማን ነገረሽ?"

"እሱ ራሱ ሲናገር፣ በዚህ ጆሮዬ።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። እትዬና ማማሰያ ደረጃው ሥር ቆመው ቁልፍ ሲመርጡ፣ ነቃዩ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ከላይ ብቅ ይላል። ይስቃል፣ እንደ ልጅ እየጮኸ ይስቃል። "በስንት መከራ ቀለበት አሰርኩ" ይላል። "አንቺ ባትኖሪ መቼም አይሆንልኝም ነበር። ምሳ ሰዓት መድኃኒት ቤት መጥቼ አሳይሻለሁ" ይላል። እትዬ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው፣ እስከ ቅዳሜ እንዳያውቅብኝ፣ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ ብለው ማማሰያን አስማሏት። ማማሰያም መሐላዋን ጠብቃ ለአሥር ሰው ያህል ብቻ ነገረች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያልሰማ የለም።

ደባቂት ሰሞኑን ነቃዩ በምሳ ሰዓት ወደ እሷ መውረዱን ትቶ ወደ ማዶ ሲሻገር በመስኮቱ አይታው ነበር፤ አንድ ቀንማ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ፣ የሁለቱን ራሶች አንድ ላይ አቀርቅረው አይታለች። ሥራ ይሆናል ብላ ራሷን አታላ ነበር። አሁን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ፊቷን ሹራቡ ላይ አቀርቅራ ጫፍ ስትደብቅ ቆየችና ቀና ስትል የሹራቡን እጅጌ ከደረቱ ጋር ሰፍታዋለች። ተርትራ ፈታችው፣ ልቧን ግን የሚፈታላት አልነበረም። አልተካዳችም፣ ማንም ቃል አልገባላትም፤ የከፋትም ይኸው ነው፣ የምትከሰው ሰው አጣች።

አመሻሽ ላይ፣ ማሽኖቹ እየተንጫጩ ሳለ፣ ነቃዩ ወረደ። አንድ እጁ ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ነበር።

"ቀለበት አሰሩ አሉ፣ ዶክተር" አለችው መርፌዋን ሳታቆም።

ደንገጥ አለና ፊቱ በራ። "እርስዎ" ማለቷን ሰው ስላለ ነው ብሎ ተቀበለው። "ሰማሽ እንዴ? እኔ እኮ ራሴ ላስደንቅሽ ነበር ያሰብኩት።"

"ያልሰማ የለም።"

"ኧረ አፈርኩ። ገና ምኑም አላማረም። ስንቴ አስሬ ስንቴ ፈታሁት መሰለሽ፤ እሷ ባትኖር ተስፋ ቆርጬ ነበር።"

ደባቂት አስባ ልትረዳው አልቻለችም። ተጣልተው ታርቀው ነው የሆነው ማለት ነው፤ እንግዲያው ነገሩ የቆየ ነው። "ለኔ ለምን ይነግሩኛል?" አለች።

"ለማን ልንገር ታዲያ? ከአንቺ ሌላ ማን ይገባዋል?" ብሎ ጎንበስ አለላት። "ትንሽ ላስተካክልና ነገ ይዤ እመጣለሁ። ስታዪ እንዳትስቂ ብቻ።"

ይዣት እመጣለሁ ማለቱ ነው ብላ ሰማችው። አንገቷን አቀናች። የቀራትን ክብር ሁሉ ሰብስባ ዓይኑን እያየች፣ "እንኳን ደስ አለዎት" አለችው። እሱም ሰው ሲያመሰግኑት እንደሚያፍር ሁሉ አፍሮ ሳቀ፤ ከላይ ታካሚ መጥቷል ብለው ጠሩት፣ ሄደ። ደባቂት ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን ያየችው አይመስለኝም። ደርሳ ለእህቷ ደወለችና ቅዳሜ እመጣለሁ አለቻት፤ እህቷ በደስታ ስትጮህ ስልኩን ከጆሮዋ አራቅ አድርጋ ይዛ አለቀሰች።

* * *

እትዬ ስንብቱን ሲሰሙ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ እጅ ከየት ያመጣሉ? ምን ጎደለሽ፣ ማን ከፋብሽ እያሉ ለመኗት። እሷም እህቴ ብቻዋን ናት ከማለት ሌላ አልተናገረችም። መቼም የእህት ነገር አያከራክርም፤ እሺ አሉ። ከዚያ ግን ፊታቸው እንደገና በራና ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው አንድ ነገር ለመኗት። ሳይነግረኝ ቀለበት ላሰረ ልጅ እኔም ሳልነግረው እደግስበታለሁ አሉ። ቅዳሜ ክሊኒኩ ግማሽ ቀን ስለሚሠራ፣ እዚያው ተራ መጠበቂያው ክፍል ፋርማሲስቷን ከነእናቷ ሻይ ጠርተዋቸዋል። ለዕለቱ አዲስ የብርጭቆ ማስቀመጫ ቢኖር ምን ነበረበት?

"ልጁ እንደሆነ የአንቺን ሥራ ይወዳል" አሉ እትዬ። "የመጨረሻ ሥራሽ ይሁንልኝ፣ ልጄ።"

ነጭ ጥጥ ልግዛልሽ ሲሏት፣ የለም፣ ያለው ትርፍራፊ ይበቃል አለች። ሐሙስና ዓርብ ምሳ ሳትበላ ሠራች። ከሆስፒታሉ ትእዛዝ የተረፈ ሰማያዊ፣ ከጨቅላ ሕፃን ቆብ የተረፈ ጽጌረዳ፣ እሱ የወደዳት ያቺ ወይን ጠጅ። አንድ ቀለበት ባሰረች ቁጥር የዚያች የሳቂታዋ ጣት ይታያታል። እጇ ግን ሰንፎ አያውቅም፤ ክቦቹ ከዚህ በፊት ከሠራቻቸው ሁሉ ያማሩ ነበሩ። በነዚህ ላይ አንዲትም ጫፍ አልተወችም፤ ሁሉንም ደብቃ ጨረሰች። ነቃዩ ሐሙስ ሁለቴ፣ ዓርብ አንዴ ወርዶ ፈልጓታል። ድምፁን በሰማች ቁጥር የክር ማከማቻው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ጨለማው ውስጥ ቆማ ሲመለስ የጫማውን ኮቴ አዳመጠች።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዋን ሹራብ ቤቱ በር ሥር አስቀምጣ፣ ማስቀመጫዎቹን ይዛ ደረጃውን ወጣች። የምትሳፈርበት መኪና ከምሳ በኋላ ነበር የሚነሣው። አስረክባ ልትሄድ ነበር ሐሳቧ።

እትዬ ለክብር ቀን ያኖሩትን ልብስ ለብሰዋል። ፋርማሲስቷና እናቷ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ ጉንጩ በመርፌ ደንዝዞ፣ ተራውን ይጠብቃል። ውስጥ ክፍሉ ተዘግቶ የማሽን ድምፅ ይሰማል። ደባቂት ጎንበስ ብላ በየብርጭቆው ሥር አንዳንድ ማስቀመጫ አደረገች። እትዬ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተነሡና ፋርማሲስቷን ትከሻዋን አቀፏት።

"ምራቴ" አሏት። "ቀለበት ማሰራችሁን ሰምቻለሁ። ደብቃችሁኝ ነበር፤ ይቅር ብያችኋለሁ።"

ፋርማሲስቷ ወደ እናቷ ዞረች፤ እናቷም ወደ እሷ ዞሩ። "የምን ቀለበት?" አለች።

እትዬ ልጃቸው ደረጃው ላይ ያለውን አንድም ሳያስቀሩ ደገሙላት፤ በስንት መከራ ማለቱን፣ አንቺ ባትኖሪ ማለቱን፣ ሳቁን ጭምር። ፋርማሲስቷ በመጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች። ቀጥሎ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሻይዋን አስቀምጣ እስኪወጣላት ሳቀችና ከጠረጴዛው ላይ አንዷን ማስቀመጫ አንሥታ ጣቷን መሃሏ ላይ አደረገች።

"እትዬ፣ ያሰረው ይህችን ነው። የክር ቀለበት። ተማሪ ሳለሁ ኪሮሽ እሠራ እንደነበር ሲሰማ በምሳ ሰዓት እየመጣ አስተምሪኝ እያለ ምሳ አላስበላ አለኝ። በጥርስ ቀዳዳ ስንቱን ያስገባል፣ አንዲት ሰንሰለት መግጠም ግን አቅቶት ያልበው ነበር።"

"ኪሮሽ ለምን ፈለገ?" አሉ እትዬ።

"እሱን እኔ ባልናገር ይሻላል" አለች ፋርማሲስቷ። ግን ደባቂትን አየቻት።

ጥግ ላይ ያለው ወፍራም ሰውዬ በዚህ ጊዜ እጁን አወጣ። የደነዘዘ ከንፈሩን ለማንቀሳቀስ ታገለ። ቃሉ ተጨፍልቆ ነበር የሚወጣው፤ ቢሆንም ያለውን ሁሉም ሰማው። አፋችንን አስከፍቶ፣ መልስ መስጠት በማንችልበት ሰዓት ያወራናል አለ። ስለዚህች ልጅ ነው የሚያወራው፤ ስለ ጣቷ፣ ስለ አቀርቃሪነቷ፣ እንዴት ብዬ ልንገራት እያለ። ባለፈው ከነቀለልኝ ጥርስ ይልቅ የሱ ነገር ነው ያመመኝ አለና፣ ጥርጥር እንዳይኖር በጣቱ ደባቂትን ጠቆመ።

ደባቂት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ያቺ የረቡዕ ወሬ ቃል በቃል እየተመለሰች ጆሮዋ ላይ ትገለበጥ ነበር። ስንቴ አስሬ ስንቴ ፈታሁት። ከአንቺ ሌላ ማን ይገባዋል። ይዤ እመጣለሁ፣ ስታዪ እንዳትስቂ። ሰው ልቡን አውጥቶ ሲሰጣት፣ እሷ እንኳን ደስ አለዎት ብላ መለሰችለት።

የውስጡ በር ተከፈተ። ነቃዩ ጓንቱን እንዳደረገ ወጥቶ የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ አየ። እትዬ ድምፃቸው እየሰለለ፣ "ያሰርከው ቀለበት የታለ?" አሉት፤ ፋርማሲስቷም ሁሉም የጋብቻ ቀለበት መስሏቸው እንደነበር ነገረችው። ጓንቱን አውልቆ ከጋዋኑ ኪስ አንድ ነገር አወጣ። ክብ ሊሆን አስቦ ድንች ሆኖ የቀረ ማስቀመጫ ነበር፤ ከግራ በኩል ቆልመም ያለ፣ አራት ዓይነት ቀለም ያለው። ክሩን ደባቂት ቆርጣ ከምትጥለው ቁርጥራጭ ለቅሞ እየቀጣጠለ ነው የሠራው። ቀለበቱ ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ በደንብ ታስሯል።

"'እርስዎ' ያልሽኝ በዚህ ምክንያት ነው?" አላት። ሌላውን ሰው ሁሉ ረስቶት ነበር። "ሦስት ቀን ሙሉ ምን አጠፋሁ እያልኩ ስሞት የከረምኩት በዚህ ነው?"

"ሠራተኛዬ እኮ ናት" አሉ እትዬ ቀስ ብለው። ስድብ አልነበረም። አንድ ነገር ከእጃቸው ላይ ሲወድቅ እያዩት እንዳለ ሰው ነበር የተናገሩት።

ደባቂት እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዝም ማለት ያዋጣታል ብላ ኖራለች፤ አሁን ዝም ብትል ግን ይህ ሰው ብቻውን ሊቆም ነው። ከግድግዳው ተላቀቀች።

"እትዬ፣ እወደዋለሁ" አለች። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። "ከጀመረኝ ቆይቷል። ከርስዎም፣ ከሱም፣ ከራሴም ደብቄው ነው የኖርኩት። ቅር ካለዎት አልፈርድብዎትም፣ መኪናዬም ቆሞ ይጠብቀኛል። ደብቄ ግን አልሄድም።"

እትዬ ቦርሳቸውን አንሥተው፣ እንግዶቻቸውን ደህና ዋሉ እንኳን ሳይሉ ደረጃውን ወረዱ። ነቃዩ ሊከተላቸው ሲል ደባቂት እጁን ያዘችው፤ ጣቱን ስትነካ የመጀመሪያዋ ነበር።

"አትሂጂ" አላት።

"እሄዳለሁ" አለች፣ እጁን ሳትለቅ። "ያሳደገችኝ እህቴ ቃሌን ይዛ ትጠብቀኛለች። ደግሞ እናትህ ፊታቸውን አዙረው እኔ በዚህ ቤት በጓሮ በር አልገባም። የምትፈልገኝ ከሆነ አስፈቅደህ ና።"

"እምቢ ቢሉስ?"

ደባቂት ያን ድንች የመሰለ ማስቀመጫ ከእጁ ወስዳ ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘችው። ደረጃውንም ወረደች።

* * *

ሹራብ ቤቱ ቅዳሜ ስለሆነ ማሽኖቹ ዝም ብለዋል። ደባቂት ሻንጣዋን ልታነሣ ስትል እትዬን አየቻቸው። የክብር ልብሳቸውን እንደለበሱ የሷ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ሹራብ ገልብጠው፣ በመርፌ አንዲት የክር ጫፍ ሊመልሱ ይታገላሉ። ክሩ ተጠቅልሎ ዶቃ አክሏል።

"ይህን እንዴት ነው የምታደርጊው?" አሉ ቀና ሳይሉ።

ሻንጣዋን አስቀምጣ አጠገባቸው ተንበረከከች፤ መርፌውን ከሥር ወደ ላይ እንዴት እንደምታሾልከው አሳየቻቸው። እትዬ እጇን ሲያዩ ቆዩ።

"ረቡዕ ዕለት ደረጃው ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩት ምራት አገኘሁ ብዬ መሰለሽ?" አሉ። "አይደለም። አባቱ ከሞተ ወዲህ ልጄ እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። የሳቀላትን ሰው ተሳሳትኩ እንጂ፣ ሳቁን አልተሳሳትኩም።"

ደባቂት መርፌውን ሹራቡ ላይ ሰክታ ተወችው።

"ጓደኛዬን ምን ብዬ አያታለሁ የሚለው አለ፤ እሱን ለኔ ተዪው። ጫፍ የሚደብቅ ሰው ከየት አመጣለሁ የሚለውም አለ፤ እሱ ነው የከበደኝ።" አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "ትኬትሽን ቆርጠሻል?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ሂጂና ሁለት ወንበር አስጨምሪ። የሰው ልጅ ዝም ብሎ አይወሰድም፤ እህትሽን ራሴ ነኝ የማነጋግራት፣ እሱም ከኋላ ተቀምጦ ይከተለን። የኔን ወንበር በመስኮት በኩል አድርጊልኝ፣ መኪና ያዞረኛል።"

እሺ ልትል አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። ግንባሯን እትዬ ጉልበት ላይ፣ ተገልብጦ በተዘረጋው ሹራብ ላይ ደፋች።

"አታልቅሺበት፣ የደንበኛ ነው" አሉ እትዬና ሹራቡን ከሥሯ ሊያወጡ ሳብ አደረጉት። የራሳቸው እንባ ግን ከአገጫቸው ላይ እየተንጠባጠበ ነበር፣ እዚያው ሹራብ ላይ።